የቡጢው ወንፈል

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ልብስ የምሰፋበት በረንዳ ነበረኝ። ለሁለት ሰው ይበቃል። በአንዱ ጎን የስፌት መኪናዬ ተቀምጣለች፤ ሌላው ጎን ባዶውን ነበር። ከጀርባዬ ያለው ግድግዳ የጌም ቤት ግድግዳ ነው። ደርግ ከወደቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ሞባይል ግን ገና የጥቂት ሰው ዕቃ ነበር። ሰው ከሥራ ሲወጣ ወይ ፑል ይመታል፣ ወይ እዚያ ጌም ቤት ገብቶ ቴሌቪዥን ውስጥ ይደባደባል።

እኔ ከቋሪት ገጠር የመጣሁ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ትምህርቴ መቀስና ሜትር ነው። ዕድሜዬም ያን ጊዜ ሃምሳን አልፏል። እንዲህ ያለው ሰው ጌም ቤት ምን ሊሠራ ገባ ትሉ ይሆናል። ያስገባኝ ዝናብ ነው።

አንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በረንዳዬ ላይ ገብቶ የሰው የሠርግ ቀሚስ ሊያበላሽብኝ ሆነ። ጨርቁን አቅፌ እየዘለልኩ ጌም ቤቱ ገባሁ። የቤቱ ባለቤት ልጆቹ እትዬ የሚሏት፣ ምላሷ የማይዝል ሴት ናት።

«ይግቡ፣ ይግቡ! ግን በሩ ላይ አይገተሩ፤ ብርሃኑ ቴሌቪዥኑን ያጠፋብናል» አለችኝ።

ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ አለ። ጆይስቲክ ማለት ቁልፎች ያሉት እጀታ ነው፤ ቁልፉን ሲጫኑት ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰው ይማታል፣ ይራገጣል፣ ይዘላል። የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። ያን ቀን ተቀምጦ ያገኘሁት የሉካንዳ ሥጋ ቆራጭ ነው፤ ክንዱ የወፈረ፣ ድምፁ ከአስፋልቱ ማዶ የሚሰማ። ከጎኑ አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበረ፤ ቀጭን፣ ነገር የሚያመላልስ። መምህሩ ተሸንፎ ሲነሣ ጆይስቲኩን ለቀልድ እጄ ላይ አኖረው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይሄን ሰው ይምቱልን።»

«እኔ?»

«መቀስ የለመደ እጅ ምን ይፈራል!»

«ይምጡ፣ ይምጡ» አለ ሥጋ ቆራጩ። «እርስዎን እንኳ አልመታም፤ ትንሽ ጋደም አደርግዎታለሁ እንጂ።»

እውነትም ጋደም አደረገኝ። ወገቤን ሳላቀና ነው ያለቀው። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከሳቁ በኋላ ግን፣ «አሁን በምን መታኸኝ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ለካ እዚያ ቤት እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። የሚያውቅ የሚያውቀውን ደብቆ ይይዛል፤ ሌላው እየተመታ ይነሣል፤ ሁልጊዜም የሚያሸንፈው ያው አንድ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እሱማ ምስጢር ነው» አለኝ።

«እንግዲያው ብቻህን አርሰህ ብቻህን ብላ» አልኩት። «እኛ ዘንድ ወንፈል አለ። ዛሬ አንተ በሬህን ይዘህ እኔ ማሳ ትመጣለህ፤ ነገ እኔ አንተ ማሳ እመጣለሁ። እኔ ዘንድ ቀጥ አድርገህ ካረስክልኝ እኔም አላጣምምብህም። ብቻውን የሚያርስ ሰው ግን ጠንካራም ቢሆን ዝናቡ ይቀድመዋል።»

መምህሩ ጭኑን መታ። «ወንፈል! የቡጢ ወንፈል!»

በቀልድ የተጀመረ ነገር እንዲሁ ሕግ ሆነ። ያሸነፈ ሰው፣ የተሸነፈው ከወንበሩ ከመነሣቱ በፊት፣ አንድ ነገር ይነግረዋል፤ በምን እንደመታው፣ ከዚያ ምት እንዴት እንደሚመለጥ። አንድ ነገር ብቻ፤ ግን እውነቱን። ሥጋ ቆራጩ ጥቂት ቀን አንገራገረ፤ ኋላ ግን፣ «ብቻዬን ማሸነፉም ሰልችቶኛል» ብሎ ገባበት።

ከዚያ በኋላ ሰው ሲሻሻል በዓይኔ አየሁ። መሻሻል ማለት አንድ ቀን ተነሥቶ መብረር አይደለም። ዛሬ በተመታህበት ነገ አለመመታት ነው፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ትረሳውና እንደገና ትመታለህ። እኔ ጣቴ ፈጣን አልነበረም። ግን ትከሻ መለካት ሥራዬ ነው። ሌሎቹ ቴሌቪዥኑን ሲያዩ እኔ ሰውየውን አያለሁ። ሥጋ ቆራጩ ትልቁን ርግጫ ሊሰነዝር ሲል የራሱ የግራ ትከሻ ይነሣል። አንድ ቀን በዚያ አሸነፍኩትና ነገርኩት። «ትከሻዬ?» ብሎ ደነገጠ። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ትከሻውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ተጫወተ፤ ልማዱንም ተወው። መምህሩ ደግሞ ነገር አብዝቶ ያስባል፤ ሲያስብ ይመቱታል። ሥጋ ቆራጩ፣ «አንተ መጀመሪያ ምታ፤ ፈተናውን ኋላ ታርመዋለህ» ብሎ አስተማረው። እኔ የምመርጠው ነጭ ጢም ያለውን ሽማግሌ ነበር። የመኪናዬን መርገጫ እንደምረግጠው በልክ፣ በልክ መምታት ለመድኩ።

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አንቱ ሰውዬ፣ በስተርጅና ከመስታወት ውስጥ ካለ ሰው ጋር ነው የሚጣሉት?»

«እየተጣላን አይደለም፤ ወንፈል ነው» አልኳት።

«የሚበላ ያለው ወንፈል ቢሆን ጥሩ ነበር» አለችና ተወችኝ።

እንዲህ እያለን ሁለተኛው ዓመት ሲገባ፣ አንድ ሰው የበረንዳዬን ባዶ ጎን ሊከራይ መጣ። ራዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ልስልስ ያለ፣ ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ የሚጥል። ከቡሬ እንደመጣ፣ እዚያ ሥራ እንደቀዘቀዘበት ነገረኝ። የዕቃ ሣጥኑን አስቀመጠና ብየዳውን ጀመረ። ምሳ አብረን መብላት ጀመርን። እኔ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ዓይኔ እምቢ ሲለኝ፣ ሳልጠይቀው ብድግ ብሎ ያስገባልኛል። ሰውን በዚህ ነው የምወደው፤ ሳይጠየቅ በሚያደርገው። በየሰንበቱ ቡሬ ይሄዳል፤ «እናቴ ታማለች» ይለኛል። ለእናቱ አንድ ቀሚስ ሰፋሁላት፤ አንድ ደንበኛ ትቶልኝ ከሄደው ጨርቅ፣ ጥለቱን አሳምሬ። እጄን ሳመኝ። እናት ይኑረው አይኑረው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

ለካ እሱም ተጫዋች ነው። አንድ ቀን ከኋላዬ ጌም ቤት ገባና ተቀመጠ። የመረጠው ግዙፉን ሰውዬ ነው፤ እጁን ዘርግቶ ካገኘህ ከምድር አንሥቶ በጀርባህ የሚጥልህን። እኛ ማንሳት እንለዋለን። ሥጋ ቆራጩን ሦስት ጊዜ አነሣው፤ ሦስት ጊዜ ጣለው።

ሥጋ ቆራጩ ሳይነሣ ዞሮ አየው። «ከየት ነህ አንተ?»

«ከቡሬ።»

«ኧኸ! ቡሬ በርበሬ ያበቅላል ሲሉ ነበር እኔስ የሰማሁት።»

«አቃጠለህ እንዴ?» አለ መምህሩ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሥጋ ቆራጩ ግን አልሳቀም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቡሬም ጌም ቤት አላት፤ ከቡሬዎች ጋር ልንገጥም ቀጠሮ ይዘን ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ፣ እነሱ ቤት። «ይሄ ሰው ያስተማርነውን ይዞ ሰንበት ሰንበት ቡሬ ቢያወርደውስ? ወንፈላችን ውስጥ ከገባ ዋስ ይጥራ» አለ።

ጠጋኙ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «እዚህ አገር ዋስ የለኝም» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ እኔን አየኝ።

ዋስ መሆን እኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። የሚከዳውን ሰው ዕዳ ዋሱ ነው የሚሸከመው። አውቄው ነው የተናገርኩት።

«እኔ ዋሱ ነኝ» አልኩ።

«ጋሼ፣ ከከዳስ? በምን ይከፍላሉ?» አለኝ ሥጋ ቆራጩ።

«እኔ ከቃሌ በቀር ምን አለኝ? በእሱ እከፍላለሁ።»

«ያመኑት ፈረስ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ተረቱን ሁላችንም ስለምናውቀው መጨረስ አላስፈለገውም።

ጠጋኙ ወንፈሉ ውስጥ ገባ። ሲያሸንፍ እንደ ሕጉ ያስተምራል፤ ያውም ከሁላችንም ይልቅ ረጋ ብሎ፣ ደጋግሞ። የማንሳቱን ማምለጫ ያስተማረው እኔን ነው። በረንዳው ላይ፣ ምሳ በልተን፣ በእጁ እያሳየ፣ «ጋሼ፣ ግዙፉ እጁን ሲዘረጋ አይጠብቁት። ወደ ኋላ ይሽሹ። እጁ አየር ይይዝና ባዶ ይቀራል፤ ያኔ ይመቱታል» አለኝ። ውስጥ ገብተን ሞከርነው፤ እውነትም እጁ አየር ይዞ ቀረ። መታሁት። ደግሞ ሸሸሁ፤ ደግሞ መታሁት። ደስታዬ!

ይህን ለሌሎቹ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ጠጋኙ ዝም የሚል ሰው ስለሆነ፣ እኔ ከአግዳሚው ላይ ሆኜ እጮህ ነበር። «ሽሽ! ወደ ኋላ! እጁን ሲዘረጋ ሽሽ!» ሥጋ ቆራጩን ሳስተምረው ጆይስቲኩ ላይ ያለውን አውራ ጣቱን ይዤ ወደ ኋላ እጎትተው ነበር፤ ጣቱ ሳያስብ እስኪሄድ ድረስ። ከበጋው መጀመሪያ እስከ ፋሲካ ይህን ነው የሠራነው። ፋሲካ ሲደርስ እኛን አንሥቶ የሚጥል ሰው ፍኖተ ሰላም ውስጥ አልነበረም። ሥጋ ቆራጩም ጥርጣሬው ለቀቀው፤ ጠጋኙን «የኛ ቡሬ» ይለው ጀመር።

የቀጠሮው ዋዜማ ጠጋኙ፣ «እኔ ዛሬውኑ ልሂድ፤ እናቴን አይቼ እዚያው እጠብቃችኋለሁ» አለኝ። ሣጥኑን አደራ ሰጠኝ። «ዝናብ እንዳይነካብኝ ጋሼ፤ የብየዳ ዕቃዬ ነው፤ እንጀራዬ ነው።» ከመኪናዬ ሥር አስገባሁለት።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሥጋ ቆራጩ፣ መምህሩና እኔ በሚኒባስ ሄድን። ማንኩሳን እስክናልፍ ሥጋ ቆራጩ አፉ አልተዘጋም። «ጋሼ፣ ዛሬ ቡሬዎችን ጋደም እናደርጋቸዋለን!» ይላል። ሾፌሩ፣ «ሰው ልትደበድቡ ነው እንዴ? እኔ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ አላወርድም» አለ። ሳቅን።

ቡሬ ስንደርስ ጌም ቤታቸው ሞልቶ ጠበቀን። ቡሬዎች በአንድ አግዳሚ፣ ለእኛ የተተወልን በሌላ አግዳሚ ነው። ጠጋኙ ተቀምጦ አየሁት። በእነሱ አግዳሚ። ቦታ ጠቦት ነው ብዬ በዓይኔ ጠራሁት፤ ከጎኔ ያለውን ቦታ በእጄ ጠረግሁለት ጭምር። ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ያኔ እንኳ አልገባኝም፤ የገባው ሥጋ ቆራጩ ነው።

«ጋሼ፣ ሰውዎ የት ነው የተቀመጠው?» አለኝ በጆሮዬ።

ከእነሱ ወገን መጀመሪያ ጆይስቲክ ያነሣው ጠጋኙ ሆነ። ግዙፉን መረጠ። ሥጋ ቆራጩ በንዴት ፊቱ በርበሬ መስሎ ተቀመጠ። ጥሩ ጀመረ፤ ትከሻው አልተነሣም፣ በልክ መታ። ከዚያ ግዙፉ እጁን ዘረጋ። ሥጋ ቆራጩ እንዳስተማርኩት ወደ ኋላ ሸሸ። ግዙፉ አንድ እርምጃ ተራመደ። ይህን እርምጃ ፍኖተ ሰላም ላይ አሳይቶን አያውቅም። እየተራመደ እጁን ዘረጋ፤ የሚሸሸውን ሰው ከነሽሽቱ ከምድር አነሣና ጣለው። ደግሞ ዘረጋ፤ ደግሞ ሸሸ፤ ደግሞ ተነሣ። የሚሸሽ ሰው መመከትም መምታትም አይችልም፤ እሱን ለመያዝ ነው ያ እርምጃ የተሠራው። ከበጋው መጀመሪያ እስከ ፋሲካ ያሠለጠነን እንድንሸሽለት ነበር።

መምህሩ ተቀመጠ። ነገሩ ገብቶታል፤ አልሸሽም ብሎ ቆመ። ቆሞም ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ አሰበ፤ ሲያስብ ተነሣ፣ ወደቀ። ቡሬዎች አግዳሚውን እየደበደቡ፣ የአገራችንን ማር አንሥተው፣ «ማር ቤት ተመለሱ! ማር ይሻላችኋል!» ይሉናል።

ሦስተኛው እኔ ነኝ። ጠጋኙ ጎን ተቀመጥኩ፤ ትከሻችን ተነካካ፤ በረንዳዬ ላይ እንደምንቀመጠው።

«ለምን?» አልኩት፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ።

«ጋሼ፣ ጨዋታ ነው እኮ» አለኝ። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አላነሣም።

አሁን ማምለጫው ውሸት እንደሆነ አውቄያለሁ። አልሸሽም ብዬ በልቤ ማልኩ። ግዙፉ እጁን ሲዘረጋ ግን አውራ ጣቴ ወደ ኋላ ሄደ። እኔ አላዘዝኩትም። ጭንቅላት በአንድ ቀን ይረዳል፤ እጅ ግን የተማረውን እንዲህ በቀላሉ አይተውም። ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌዬ ከምድር ተነሣ፤ በጀርባው ወደቀ። ሦስት ጊዜ።

በሚኒባስ ተመለስን። ማንኩሳ ጋ ስንደርስ ሥጋ ቆራጩ፣ ወደ ውጭ እያየ፣ «ጣቴን ይዘው የጎተቱት እርስዎ ነዎት» አለ። በቁጣ አይደለም። በቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ጌም ቤት መምህሩ ሥጋ ቆራጩን አሸነፈው። ሥጋ ቆራጩ ለመስማት ቁጭ ብሎ ጠበቀ። መምህሩ ቴሌቪዥኑን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ «ቀጣይ!» አለ። ሥጋ ቆራጩም ተነሣ። ወንፈሉ በዚያ ቀን ሞተ። ከዚያ በኋላ የሚጫወቱት ጆይስቲኩን ጃኬታቸው ሥር ደብቀው ነው፤ እኔ ትከሻቸውን እንዳላይም ጎናቸውን ይሰጡኛል። ማንም አልሰደበኝም፤ «ጋሼ» ማለታቸውንም አልተዉም። ቃሌ ግን በመካከላቸው እንደማያልፍ ብር ሆነ። «ትልቁን ርግጫ ተጠንቀቅ» ስል፣ ሰውየው ወዲያው በተቃራኒው ያደርጋል።

ዋስ ነኝ፤ መክፈል አለብኝ ብዬ አሰብኩ። የምከፍለውም እውነተኛውን ማምለጫ ፈልጌ አግኝቼ ለሁሉም በማስተማር ነው። የሚያስተምረኝ ግን የለም። አብሮኝ የሚጫወትም የለም። ይህን የተረዳችው የጌም ቤቱ ባለቤት ናት። ክረምት ሲገባ፣ ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይመጣ፣ «ይምጡ፤ እኔ ልጣልዎት» አለችኝ። ጨዋታውን አታውቅም፤ ግዙፉ እየተራመደ የሚያነሣበትን፣ ቡሬ ላይ ከጠጋኙ ጣት ያየሁትን ሁለት ቁልፍ ብቻ አሳየኋት። ጭኗ ላይ ሰፌድ አድርጋ በአንድ እጇ ምስር ትለቅማለች፤ በሌላው እጇ እኔን ታነሣለች፣ ትጥላለች።

«ደግሞ ወደቁ» ትላለች፣ ጠጠር እየጣለች።

«ደግሚ።»

«አሁንም።»

«ደግሚ።»

ሐምሌ አለፈ፤ ነሐሴ ገባ። ወደ ግራ ሞከርኩ፤ ወደ ቀኝ ሞከርኩ፤ ዘለልኩ፤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ከባዱ ነገር ጣቴ ያንን መሸሽ እንዲረሳ ማድረግ ነበር። ፍልሰታ ሊፈታ ሲል፣ አንድ ጠዋት፣ ከመሰልቸት የተነሣ ወደ ግዙፉ ገባሁበት። እጁን ሲዘረጋ ወደ እሱ፣ ደረቱ ድረስ፣ በአጭሯ ቡጢ። ግዙፉ ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ደገምኩት፤ ተንገዳገደ። ባለቤቲቱ ምስሯን ተወች።

«ምን አደረጉ?»

«ወደ እሱ ገባሁ። እጁ ከመጨበጡ በፊት ውስጡ ከገባህ አጭሯ ቡጢ ትቀድመዋለች።»

«ከሚይዝዎት ሰው አይሸሹም? ወደ እሱ ይገባሉ?»

«አዎ።»

«እንዲህማ ማን ያምናል!» አለች።

እውነቷን ነበር። ለሥጋ ቆራጩ ልነግረው ብል፣ «ይቅርብኝ ጋሼ» አለኝ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በአክብሮት። መምህሩም ሰዓቱን አየ። ከፍለህ ውሰድ ያላልኩት ነገር እጄ ላይ ቀረ።

መስቀል አልፎ የአደይ አበባ ሲረግፍ ጠጋኙ መጣ። ሣጥኑን ሊወስድ ነው። ጣለው፣ ሽጠው ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፤ አደራ ስለሆነ ክረምቱን በፕላስቲክ ጠቅልዬ አቆይቼዋለሁ። አውጥቼ ሰጠሁት። ከፈተና አየ፤ ዝገት እንኳ የለውም።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለ። ሊሄድ ሲል ቆመ። «አንድ ጨዋታ እንጫወት? እንደ ድሯችን?»

አልፈልግም ማለት ነበረብኝ። ግን ገባን። ሥጋ ቆራጩና መምህሩ ነበሩ፤ ሲያዩት ተነሥተው ግድግዳውን ተደገፉ። ባለቤቲቱ ምንም ሳትል ቴሌቪዥኑን ከፈተች።

ግዙፉን መረጠ። ሽማግሌዬን መረጥኩ። እየተራመደ እጁን ዘረጋ፤ ገባሁበት። ደግሞ ዘረጋ፤ ደግሞ ገባሁበት። ሁለቱ ተጠጋግተው ስለሚቆሙ መግባቴ ቴሌቪዥኑ ላይ አይለይም፤ ግዙፉ ራሱ ተደናቅፎ የተንገዳገደ ይመስላል። ትከሻው ላይ ላቡ ሲወጣ አየሁ። ሦስተኛው ላይ ግዙፉ እንደ ዛፍ ወደቀ። እየተራመደ የሚያነሣውን ግዙፍ ከእኛ ማንም አሸንፎት አያውቅም።

ጠጋኙ አልተነሣም። ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ዞረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ጋሼ፣ እንደ ወንፈላችን» አለኝ። «ያሸነፈ ያስተምራል። እንዴት አመለጡ?»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ውሸቱ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። «ዝለል» ልለው ነበር፤ የሚዘልን ሰው ግዙፉ ከአየር ላይ ነው የሚለቅመው፤ ቡሬ ሄዶ፣ ሌላ ሰው ግዙፉን ይዞበት፣ ሲወድቅ ታየኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ጣፈጠኝ። ጣፍጦኝ ደነገጥኩ። እኔ እኮ የዚያ ሕግ ባለቤት ነበርኩ፤ አንድ ነገር ብቻ፣ ግን እውነቱን ያልኩት እኔ ነኝ። ዋጥኩት።

«እጁን ሲዘረጋ አትሽሽ» አልኩት። «ወደ እሱ ግባ። ደረቱ ድረስ። በአጭሯ ቡጢ። እጁ ሳይጨብጥ ትቀድመዋለህ። ሌላ ነገር የለውም።»

ጠጋኙ ጥቂት አየኝ። ከዚያ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ሰፋ፤ ሳቀ። «ወደሚይዘኝ ሰው ልግባ! አይ ጋሼ! ጎበዝ! ተምረዋል!» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ጓደኛ ጓደኛውን እንደሚያደርገው። ሣጥኑን አንሥቶ እየሳቀ ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ ሥጋ ቆራጩ መጥቶ ትከሻዬን ሳመ። «ጋሼ! ዋስትናዎን ዛሬ ከፈሉ! ውሸትን በውሸት! ወደ እሱ ግባ ሲሉት እኔ እንኳ ላምን ነበር!»

«እውነቴን ነው» አልኩ።

መምህሩ ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ ሳቀ። «አሁንም አይለቁም! ፊታቸውን እዩት፤ የመነኩሴ ፊት!»

«እውነቴን ነው የነገርኩት። ኑ ላሳያችሁ።»

እንዲህ ባልኩ ቁጥር ይስቃሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ አግዳሚው ላይ ቦታ ይለቀቅልኝ ጀመር፤ ትከሻቸውንም አልደበቁብኝም። ቦታዬን መለሱልኝ፤ የመለሱልኝ ግን ዋሽቷል ብለው ነው። ያችን ማምለጫ ሥጋ ቆራጩ አንድም ቀን አልሞከራትም። እንደ ጥሩ ቀልድ ለእንግዳ ሁሉ ያወራታል፤ «ጋሼ ለቡሬው ያስተማሩት» እያለ።

ያን ቀን ሁሉም ሲወጡ ባለቤቲቱ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። «ይረፍ» አለች። ሰፌዷን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«እኔ አውቃለሁ፤ የነገሩት እውነቱን ነው» አለችኝ። «ለምን ነገሩት?»

«ወንፈል ነዋ።»

«ከማን ጋር?»

ወጥቼ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። የሚሰፋ ሱሪ ነበረኝ። ክሩን መርፌው ውስጥ ለማስገባት ብዙ ጊዜ ሞከርኩ፤ ከመኪናዬ ሥር ሣጥኑ የነበረበት ቦታ ደረቅ ሆኖ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል።